ለዝሆን የወጣ ተዝካር

ሰው ስለ አያቱ ሲያወራ ጦር ወርውሮ፣ ነብር ገድሎ፣ ታቦት ተክሎ ነው። እኔ ግን በጠራራ ፀሐይ፣ ዳኛ ባለበት፣ ቄስ ባለበት፣ የአገር ሽማግሌ ባለበት ቆሜ አያታችን ዝሆን መሆኑን በገዛ አፌ ያስረዳሁ ሰው ነኝ። እሱም ደህና ዝሆን ቢሆን ምን ነበረበት! ጥርሱ ከአገጩ ወደ ታች የበቀለ፣ ዘሩም ከምድር የጠፋ ዝሆን ነው። እንግዲህ ሳቁ፤ እኔም ስናገረው ሁልጊዜ አስቀድሜ የምስቀው ራሴ ነኝ። ካልሳቅሁ አልጨርሰውም።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ነው፣ የሃምሳዎቹ መጀመሪያ። ያኔ መንዝ ውስጥ ቀየት በሚገኘው የመንግሥት ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበርኩ። አስተማሪ ስላችሁ ትልቅ ሰው እንዳይመስላችሁ። ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ጥቂት የማስተማር ትምህርት የቀመስኩ፣ አንድ ኮትና አንድ ከረባት የነበረኝ ጎረምሳ ነኝ። ከረባቱንም ደብረ ብርሃን ሳለሁ አንድ ጓደኛዬ አስሮልኝ ነበር፤ ከፈታሁት መልሶ የሚያስርልኝ ስለሌለ እንደ ማተብ ሳልፈታው ነው የማጠልቀው። እንግሊዝኛ ያውቃል ይባልልኝ ነበር። ማን ይመረምረኛል? በአገሩ እንግሊዝኛ የማውቅ እኔ ብቻ ስለነበርኩ ስህተቴንም የማውቅ እኔው ብቻ ነበርኩ።

አባቴ አቶ እርገጤ ከቀየት ወዲያ፣ ደጋው ድንገት ተቆርጦ ወደ ጀማ ቆላ በሚወርድበት ገደል ጠርዝ ላይ ይኖር ነበር። ያለን መሬት አብዛኛው ውርጭ የሚጨርሰው ጭንጫ ነው። እህል የሚባል ነገር የሚሰጠን አንድ ማሳ ብቻ ነበር፤ አፋፉ እንለዋለን። እኔ ተምሬ ከረባት ያጠለቅሁትም፣ እናቴ ነጠላ የለበሰችውም፣ አባቴ በሸንጎ መካከል ቆሞ የሚናገርበት ድምፅም፣ ሁሉም የተገኘው ከአፋፉ ገብስ ነው።

ለዛሬ ልጆች አንድ ነገር ላስረዳ። በዚያን ጊዜ በመንዝ መሬት በትውልድ ቆጠራ ነው የሚያዘው። አገሩን መጀመሪያ ካቀናው አባት ጀምሮ እስከ ራስህ ድረስ ስም እየጠራህ መውረድ ከቻልክ ድርሻ አለህ። መካከል ላይ አንድ ስም ቢቆረጥብህ ግን እንግዳ ነህ፤ ውጣ ብትባል ትወጣለህ። ስለዚህ የእኛ አገር ልጅ ገና ንፍጡን መጥረግ ሳይችል ሰባተኛ አያቱን ይጠራል። የእኛ አቅኚ አባት አቤቶ ክንፉ ይባላሉ። ሲወራ በፈረስ ሲቀመጡ እግራቸው መሬት ይጠርግ ነበር፤ ጦራቸውን የሚሸከሙት ሁለት ሰዎች ነበሩ።

አፋፉን የሚከራከሩን ባላምባራስ ወንድይፍራው የአባቴ ዘመድ፣ ለእኔ ደግሞ የክርስትና አባቴ ናቸው። የመንዝ ሰው ከባዳ ጋር አይካሰስም፤ ዘመድ ሞልቶለት ምን ቸገረው! ባላምባራስ የሚሉት እንዲህ ነው፦ የእርገጤ ቤት ከአቤቶ ክንፉ የወረደው በደም አይደለም፣ በጉዲፈቻ ነው፤ አብሮ በላ እንጂ አልተወለደም። አባቴ የሚመልሰው ደግሞ፦ አቤቶ ክንፉ የተቀበሩት አፋፉ ላይ ነው፤ ሰው የሚቀበረው ከልጁ ደጅ እንጂ ከጉዲፈቻ ደጅ አይደለም።

"መቃብሩን አሳየኛ!" ይላሉ ባላምባራስ።

አባቴ መቃብሩን አያውቀውም። ማንም አያውቀውም። ክርክሩም እዚህ ላይ ቆሞ ዓመታት አለፉ።

አንድ ነሐሴ ላይ ዝናሙ አለቅጥ በረታና የአፋፉ ጠርዝ ተናደ። በማግሥቱ እኔ ክፍል ውስጥ ቆሜ ለደካማ ተማሪዎች የክረምት ትምህርት ሳስተምር አባቴ በሩ ላይ ብቅ አለ። ጭቃው እስከ ጉልበቱ ነው። ትምህርት ቤቱን ከዚያ በፊት ረግጦት አያውቅም።

"ና ውጣ!" አለኝ። "አባታችን ተገኙ!"

"የትኛው አባት?"

"አቤቶ ክንፉ ናቸዋ! ሌላ ስንት አባት አለህ?"

ተማሪዎቼ ሳቁ። እኔም ሳቅሁና ተከተልኩት።

ከተናደው አፈር ውስጥ የወጣው የጭን አጥንት ነው። አባቴ አቁሞ ሲይዘው ደረቴ ላይ ደረሰ። ሲነኩት ድንጋይ ነው፤ ክብደቱም የድንጋይ ነው።

"ድንጋይ ሆኗል እኮ፣ አባዬ" አልኩት።

"የጻድቅ አጥንት አይበሰብስም" አለኝ፣ ምንም ሳያስብ።

እናቴ እጇን አፏ ላይ ጭና አየችው፣ አየችው። "እንዲህ የሚያህል ሰው ከሆኑ" አለች፣ "ያቺ ምስኪን እናታቸው እንዴት አድርጋ ወለደቻቸው?"

"ዝም በይ! ያኔ ሰው እንዲህ ነበር።"

"ታዲያ እኛ ከሳቸው ወርደን ለምን አነስን?"

"በጾም ነዋ!"

እኔስ? ትምህርት ቤቱ ውስጥ ተሰቅሎ የነበረ የሰው አፅም ሥዕል አውቃለሁ። ይህን አጥንት ከዚያ ጋር ሳስተያይ አንድ ነገር ይቆረቁረኝ ነበር። ነገር ግን የአባቴን ፊት አየሁ። ፊቱ እንደ ሙሽራ በርቷል። አፋፉ ለእኛ ይቀርልናል እያልኩ የቆረቆረኝን ነገር ዋጥኩት።

አባቴ ወዲያው ወደ ደብሩ ቄስ ወደ አባ ገብረ መድኅን ሄደ። አጥንቱ በከፈን ተጠቅልሎ በወጉ ይቀበር፣ ፍትሐትም ይደረግለት አለ። አባ ቸገራቸው።

"ፍትሐት እኮ በክርስትና ስም ነው፣ እርገጤ። የክርስትና ስማቸው ማን ነው?"

"አቤቶ ክንፉ ብለው ይጸልዩላቸዋ።"

"ያ የዓለም ስማቸው ነው። እግዚአብሔር አቤቶ የሚባል አያውቅም።"

አባቴ ጥቂት አሰበ። "በሚካኤል ቀን ነው የተገኙት። ወልደ ሚካኤል ይበሏቸው።"

"ተገኙ ማለት ተጠመቁ ማለት ነው እንዴ?"

"አባ፣ ሞተው ካደሩ በኋላ መቼ ይጠመቁልዎ!"

አባ ገብረ መድኅን ደግ ሰው ናቸው፤ ደግነታቸው ነው ያጠፋን። "አዕርፍ እግዚኦ ነፍሰ ገብርከ ወልደ ሚካኤል" ብለው ደገሙለት። ቀጥሎ ተዝካር ወጣ። የነበረን አንድ ሰንጋ ታረደ፣ በጎቹ ታረዱ፣ የዓመቱ ገብስ ጠላ ሆነ። ባላምባራስም ሳይጠሩ መጡ። "ለአባቴ ተዝካር ማን ይከለክለኛል?" ብለው ከመደቡ ላይኛው ጫፍ ተቀመጡ፤ ፍሪምባውን በቢላዋቸው እየቆረጡ በሉ። ሲወጡም ጥርሳቸውን እየጎረጎሩ "እርገጤ፣ ደህና አብልተኸናል" አሉ።

አባቴ በደስታ እጁን አጨበጨበ። "በላ! ተዝካራቸውን በላ! መቃብራቸውን አመነ ማለት ነው!"

ከመስቀል በኋላ ዳኛው መሬቱን በዓይናቸው ሊያዩ በበቅሎ መጡ። ረጋ ያሉ፣ ነገር ሲሰሙ ዓይናቸውን የሚጨፍኑ ሽማግሌ ናቸው። አፋፉ ዳር ባለው ጽድ ሥር ተቀመጡ። ሕዝቡ ከብቦ ቆመ። አባቴ በርኖሱን ደርቦ፣ አጥንቱን ከመቃብሩ አስወጥቶ በነጠላ ላይ አጋድሞታል። ምስክሮቹም ተሰልፈዋል፤ ትውልዱን ያለ እንከን የሚቆጥሩ፣ የእኛ ቤት በደም የወረደ ለመሆኑ የሚምሉ ሽማግሌዎች። ይህን ልብ በሉልኝ። ምስክር ነበረን።

ባላምባራስ ግን ብቻቸውን አልመጡም፤ ፈረንጅ ይዘው መጡ። ፀጉሩ እንደ ገብስ ነዶ የነጣ፣ ፀሐይ አፍንጫውን የላጠው፣ ወገቡ ላይ መዶሻ የሻጠ ሰው ነው። ከመርሐቤቴ ተነስቶ የጀማን ገደል እየተከተለ ድንጋይ ሲመታ የከረመ ነው፤ አገሬው ወርቅ ፈላጊ ይለዋል። ባላምባራስ ድንኳኑ ድረስ ወርደው በምልክት ተግባብተው ኖሯል ያመጡት።

"ጌታዬ" አሉ ባላምባራስ ለዳኛው፣ "ይህ አጥንት የሰው አይደለም እላለሁ።"

አባቴ ከመቀመጫው ተነሳ። "ታዲያ የምን ነው? የበሬ ነው? ጭኑ እስከ ደረት የሚደርስ በሬ የት አይተሃል? ደግሞ ተዝካራቸውን የበላህ ሰው!"

"ሥጋውን በላሁ እንጂ መሐላ አልበላሁም።"

ሰው ሳቀ። አባቴን ያጠፋው ይህ ሳቅ ነው። ሸንጎ ላይ የተሳቀበት ሰው መመለሻ የለውም፤ የእኛ አገር ሰው ደግሞ ሲናደድ ይወራረዳል።

"ተወራረድ!" አለ አባቴ።

"በምን?"

"በማር!"

"ማር ለሆድ ነው።"

"በበቅሎዬ!"

"በቅሎህማ አርጅታለች፤ ብትሰጠኝም እኔ ነኝ የምሸከማት።"

ሰው አሁንም ሳቀ። አባቴ በዘንጉ መሬቱን ወጋ። "በአፋፉ!"

ዳኛው የጨፈኑትን ዓይን ገለጡ።

"እርገጤ፣ ረጋ በል። ምስክሮችህን ገና አልሰማሁም። ለትውልዱ ቆጠራ አጥንት አያስፈልግህም።"

"ብያለሁ ጌታዬ! ይህ የአቤቶ ክንፉ አጥንት ካልሆነ አፋፉን ልልቀቅ። ከሆነ ደግሞ ይህ ሰው ሁለተኛ በደጄ እንዳያልፍ።"

"እግዜር ይመልስህ። ተው እንጂ ልጄ።"

"ብያለሁ! በሕግ አምላክ ይጻፍልኝ!"

ዳኛው ባላምባራስን አዩ። ባላምባራስ ቀስ ብለው "እሺ ብያለሁ" አሉ። ዋስ ተጠራ፣ ዋስ ቆመ። ያ ሁሉ የሆነው አንድ ሰው ቆሎ ቆርጥሞ በማይጨርስበት ጊዜ ውስጥ ነው።

"እንግዲህ የፈረንጁን ቃል ማን ያስተረጉምልናል?" አሉ ዳኛው።

የሁሉም ዓይን እኔ ላይ አረፈ። ከረባቴን አስተካከልኩ።

አንዱ ሽማግሌ "ልጁ አይደለም እንዴ? እንዴት ይሆናል?" አለ።

"ይሁን!" አሉ ባላምባራስ። "የክርስትና ልጄ ነው፤ አምነዋለሁ።"

አባቴ ጢሙን እየዳበሰ ፈገግ አለ። ባላምባራስ የተሞኙ መስሎት ነበር። እኔ ግን ሰውየውን አውቃቸዋለሁ። ቀጥሎ ምን እንደሚሉም አላጣሁትም።

"ብቻ አባ ገብረ መድኅን ይገዝቱት።"

አባ መስቀላቸውን አነሱ። "የሰማኸውን አጉድለህ ወይም ጨምረህ ብትናገር ከአርዮስ ጋር ይደምርህ። ከቅዱሳን አንድነት ይለይህ። አሜን በል።"

"አሜን" አልኩ።

ፈረንጁ አጥንቱ አጠገብ ተንበረከከ። በጣቱ ዳበሰው፣ ጫፉን በብሩሽ ጠረገ። ከዚያ ወደ ተናደው ጠርዝ ሄዶ ጥቂት ጎልማሶች እንዲቆፍሩ በእጁ አመለከተ። ቆፈሩ። እሱ መዶሻውን ጥሎ በቢላዋ አፈሩን እየፋቀ ገባ። እኔ ከጎኑ ቆሜ በልቤ "ጌታዬ ባዶ ይሁን፣ ባዶ ይሁን" እላለሁ።

ባዶ አልነበረም። አንድ ትልቅ መንጋጋ ብቅ አለ።

"አገጭ ነው!" አለ አንዱ ቆፋሪ።

"ይኸው!" አለ አባቴ ወደ ሕዝቡ ዞሮ። "ይኸው አገጫቸው! ከሰው በቀር አገጭ ያለው ማን ነው?"

"ፍየልም አገጭ አለው" አለች እናቴ በቀስታ። እኔ ብቻ ሰማኋት።

አፈሩ እየተነሳ ሲሄድ ከመንጋጋው ጫፍ ሁለት የወፈሩ ነገሮች ወጡ። እንደ ቀንድ ናቸው፤ ነገር ግን ወደ ላይ አልቀኑም። ከአገጩ ተነስተው ወደ ታች ወርደው ወደ ውስጥ ታጥፈዋል፤ እንደ ማረሻ። ሰው ሁሉ ፊቱን አማተበ። ከኋላ አንድ ድምፅ "አቤቶ ክንፉ ቀንዳም ነበሩ እንዴ?" አለ።

አባቴ ጎንበስ ብሎ አየ። ላብ ግንባሩ ላይ ችፍ አለ። "ጢማቸው ነው" አለ። "ጢም ድንጋይ ሲሆን እንዲህ ነው።"

ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

ፈረንጁ ቀና አለና ተናገረ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የገባኝ እኔ ነበርኩ። በሕይወቴ አንድ ቀን እንግሊዝኛዬ ደካማ በሆነ ብዬ የተመኘሁት ያን ቀን ነው። ሌላ ጊዜ ሁሉ ትርጉሙ ይጠፋኝ የነበረው ቋንቋ ያን ቀን እንደ ምንጭ ውሃ ጠራብኝ።

"ምን አለ?" አሉ ዳኛው።

"አንድ ጊዜ፣ ጌታዬ። ደግሜ ልጠይቀው።"

በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ እርግጠኛ ነህ ወይ አልኩት። ደስ አለው፤ ተማሪ ያገኘ መስሎታል፤ አባቴ አጠገቡ ቆሞ መሬቱን እየለቀቀ መሆኑን አላወቀም። እንጨት አንስቶ አፈሩ ላይ ግንድ ሣለ፣ በግንዱም ላይ ቅርንጫፍ ይቀጥል ጀመር። ሕዝቡ አንገቱን አስግጎ ያያል። ትውልድ ቆጠራ መሆኑን ያለ አስተርጓሚ አወቁት፤ የመንዝ ሰው ይህን ሥዕል ያውቀዋል።

ፈረንጁ ያለኝ እንዲህ ነው። ዝሆን ብቻውን አልተወለደም፤ ብዙ ወገን ነበረው። ከግንዱ ሥር ያለው አያት አሳማ የሚያህል፣ ኩምቢ የሌለው፣ ውሃ ዳር የሚኖር ትንሽ አውሬ ነው፤ የተወለደውም እዚሁ አፍሪካ ውስጥ ነው። ልጆቹ እየገዘፉ፣ ራሳቸው ከመሬት እየራቀ ሲሄድ አፍንጫና የላይ ከንፈራቸው አብሮ ረዘመ፤ ኩምቢ ሆነ። የፊት ጥርሳቸውም አድጎ ቀንድ መሰለ። ከዚያ ቅርንጫፎቹ ተለያዩ። አንዱ አራት ትልልቅ ጥርስ አወጣ፣ ሁለት ከላይ ሁለት ከታች። አንዱ የታችኛው ጥርሱ እንደ አካፋ ሰፋ። አንዱ ወደ በረዶ አገር ሄዶ እንደ መንዝ በግ ጸጉር ለበሰ። ይህኛው ደግሞ ከላይ ምንም ሳይኖረው ከአገጩ ወደ ታች አበቀለ። የሞተውም በአፋፉ ላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ እሳት ሆኖ ከመፍሰሱ በፊት ነው፤ ሰው የሚባል ፍጥረት ገና ሳይኖር፣ ከብዙ ሚሊዮን ዓመት በፊት።

"ጌታቸው" አለ አባቴ በስሜ ጠርቶ።

ቀና አልኩ። በርኖሱን ሰብስቦ በጣም ቀርቦኝ ቆሟል። ዓይኖቹ ዓይኖቼ ውስጥ ገብተዋል።

"ልጄ፣ ሰው ነው አለ፤ አይደል?"

በሩን ከፍቶ ሰጠኝ። መግባት ብቻ ነበር የሚቀረኝ። ፈረንጁ አማርኛ አያውቅ፣ ሕዝቡ እንግሊዝኛ አያውቅ። ቀንዱንም የአቤቶ ክንፉ ጋሻ ነው ብል ማን ይሟገተኛል? ሰዎች እስከ ዛሬ "ለምን አልዋሸህም?" ይሉኛል። ጀግና ሆኜ አይደለም። አባ መስቀላቸውን እንደያዙ ፊት ለፊቴ ቆመው ነበር፤ ከንፈራቸውም ይንቀሳቀሳል። የአርዮስ ስም ገና ጆሮዬ ውስጥ ነበር። ከተማ የተማርኩት፣ ሳይንስ የማስተምረው እኔ፣ እውነቱን የተናገርኩት ሲኦልን ፈርቼ ነው።

"አይደለም፣ አባዬ" አልኩ። "የዝሆን ዘመድ ነው።"

አባቴ ዓይኑን ከእኔ ነቀለ። አባ ገብረ መድኅን ግን "ሚሊዮን ዓመት?" ብለው ጮኹ፤ የቀረውንም ያለኝን ሁሉ ተከትዬ እየተረጎምኩ ስለነበር። "ዓለም ራሱ ከተፈጠረ ሰባት ሺህ ከምናምን ነው! ይህ ሰውዬ ከፈጣሪ በፊት የት ቆሞ አየ?" ደግሞ ድንገት አጥንቱን አዩና መስቀላቸውን ዝቅ አደረጉ። ፍትሐቱ ትዝ ብሏቸው ይሆናል።

ዳኛው ግን ሥዕሉን እያዩ ነበር። ዕድሜያቸውን ሁሉ ትውልድ ሲያቆጥሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ልማድ አይለቅም።

"ጠይቅልኝ" አሉኝ። "ይህኛው ለዛሬዎቹ ዝሆኖች አባታቸው ነው?"

ጠየቅሁት። "አይደለም። ከግንዱ ቀድሞ የተገነጠለ ነው። የአያቶቻቸው የሩቅ ወገን ነው እንጂ አባታቸው አይደለም።"

"የራሱ ልጆችስ የት ገቡ?"

"ጥርሱ ለቅጠል ብቻ የተሠራ ነበር። ዱሩ እየሳሳ ሣር ሲበዛ የዛሬዎቹ ዝሆኖች አያቶች ጥርሳቸው እንደ ወፍጮ ድንጋይ ተወቅሮ ሣሩን ፈጩት። ይሄኛው ሳይለወጥ ቆየ። ምናልባት በዚህ ይሆናል ይላል። ብቻ ዘሩ ጠፍቷል።"

ዳኛው ራሳቸውን ነቀነቁ። "እንግዲህ አቤቶ ክንፉ ወራሽ የላቸውም" አሉ።

ሳይታወቃቸው ነው ያሉት፤ ክፉ ሰው አልነበሩም። ነገር ግን ሸንጎው ፈነዳ። ሳቁ ገደሉን መትቶ ተመለሰ። ምስክሮቻችን ሳይቀሩ ሳቁ። ፈረንጁም ሁሉም ሲስቅ አይቶ ሳቀ። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ከንፈሬ ተንቀሳቀሰ።

ሳቁ ሲበርድ ዳኛው አባቴን አዩት። "እርገጤ፣ እኔ ልወስድብህ አልመጣሁም ነበር። አንተው ሰጠኸው። ውርርዱ በዋስ ጸንቷል።" አፋፉ ለባላምባራስ ተፈረደ። ምስክሮቻችን አንድ ስም ሳይጠሩ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ፈረንጁ አጥንቱን ሊያነሳ ጎንበስ ሲል አባቴ ቀደመው። በርኖሱን አውልቆ አጥንቱ ላይ ጣለው።

"ይሄ አይነካም" አለ። "ፍትሐት ተደርጎለታል።"

"አውሬ ነው ተባለ እኮ፣ እርገጤ" አሉ ባላምባራስ።

"አውሬም ይሁን። አባ፣ ስም አውጥተው አልጸለዩለትም? በቤተ ክርስቲያን ስም ያለው ነገር በሣጥን ተጭኖ ይሄዳል?"

አባ ገብረ መድኅን መሬት መሬቱን አዩ። "ያው… ፈጣሪ የፈጠረው ነው" ብቻ አሉ።

"አፋፉ የእኔ ነው" አሉ ባላምባራስ። "አፋፉ ውስጥ ያለውም የእኔ ነው። ፈረንጁ ይውሰደው።" በርኖሱንም በዘንጋቸው ጫፍ አንስተው ለአባቴ መለሱለት። መንጋጋውም ጭኑም በበቅሎ ተጭነው ወደ ጀማ ወረዱ። የት እንደደረሱ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ባላወራ ደስ ይለኝ ነበር። ስማችን "የዝሆን ቤት" ሆነ። ዘመሮ ገበያ እናቴ ቅቤ ልትሸጥ ስትቀመጥ "ኩምቢሽን ሰብስቢ፣ መንገድ ዘጋ" ይሏታል። ተማሪዎቼ ሰሌዳው ላይ ከረባት ያሰረ ዝሆን ሥለው ጠበቁኝ፤ ሥዕሉ ደህና ነበር፣ እኔን ይመስላል፣ ሳቅሁና አጠፋሁት። እኔ መሳቅ እችላለሁ። አባቴ አይችልም። ሰንጋው በተዝካር አልቋል፣ አፋፉ ሄዷል። በሚቀጥለው ክረምት የባላምባራስ ጢሰኛ ሆኖ፣ ትናንት ርስቴ ያለውን መሬት በተዋሰው በሬ አረሰ፤ ሲያርስም ጠርዙ የተናደበትን ቦታ ጀርባውን ሰጥቶ ነበር የሚዞረው።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከዚህ ምን ተማርክ ትሉኝ ይሆናል። እውነት አርነት ያወጣል ይባላል፤ እኛን ያወጣን ከአፋፉ ነው። ኋላ አዲስ አበባ ገብቼ ስለነዚያ አውሬዎች ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ፤ ፈረንጁ አልዋሸም። ጥፋቱ የእሱ አይደለም፣ ተጠየቀ ተናገረ። ነገር ግን ከዚያን ቀን ወዲህ አንድ ሰው ስለ ዘሩ ሲፎክር ሰምቼ ማመን አልቻልኩም። አቤቶ ክንፉ ራሳቸው በምድር ላይ ኖረው ይሁን አይሁን እንጃ። ሁለት ቤት ተፋጅቶ ያለቀው ማንም ባላያቸው ሰው ስም ነው። ይባስ ብሎ ከዓመታት በኋላ መሬት ላራሹ ታወጀና ባላምባራስም አፋፉን አጡት። አባቴ ትንሽ ዕድሜ ቢጨመርለት አፋፉ በአዋጅ ይመለስለት ነበር፤ የማን ልጅ ነህ ብሎ የሚጠይቀው ሳይኖር፣ አራሽ ነህ ተብሎ ብቻ።

አልደረሰም። የሞተው ከአዋጁ በፊት ነው።

አንድ ነገር አስቀርቻለሁ፤ እሱን ልናገርና ላብቃ። ከሸንጎው ቀን ማግሥት ጀምሮ አባቴ ከእኔ ጋር አልተጣላም። አልሰደበኝም፣ አልረገመኝም፣ ቤቱንም አልከለከለኝም። አንቱ ይለኝ ጀመር። የወለደኝ አባቴ፣ እንደ ዳኛ፣ እንደ እንግዳ ሹም፣ "ደህና ዋሉ?" ይለኛል። መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁለት። እሱ አልሳቀም። ዓመታት እንዲሁ ሄዱ።

ታመመ ተብዬ ከቀየት ስመጣ መደቡ ላይ ተኝቶ አገኘሁት። ቀኑ ብሩህ ነበር፤ በሩ ተከፍቶ ፀሐይ እስከ እግሩ ገብቷል። ጉንጩ ጎድጉዷል። እናቴ ራስጌው ተቀምጣ ውሃ ታጠጣዋለች። በሩ ላይ ቆሜ ከረባቴን አወለቅሁ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

"ልጅህ መጣልህ" አለችው እናቴ። "አንተ ሰውዬ፣ ዛሬ እንኳ ልጄ በለው።"

አባቴ ዓይኑን ገልጦ ረጅም ጊዜ አየኝ። እጁን ከብርድ ልብሱ ሥር አውጥቶ አጠገቡ ያለውን በርጩማ ጠቆመኝ።

"ይቀመጡ" አለኝ።

ተቀመጥኩ።